የራስ ምታት መቶኛው ስንት ነው?

ከጦር ሜዳ ይዘውት የተመለሱት፣ ቦርድ ፊት ግን ሊያሳዩት የማይችሉት ጉዳት

በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት የመተማ ወሬ ሁሉ ሰሊጥ ነው። ከደጋው በአይሱዙ ተጭኖ የወረደው አጫጅ ጎህ ሳይቀድ ማሳ ይገባል፤ ፀሐይዋ ሳትበረታ የቻለውን ያህል አጭዶ፣ አስሮና ነዶውን አቁሞ ወደ ራኩባው (የማሳ ዳስ) ጥላ ይመለሳል። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልታጨደ ማቀፊያው ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይፈሳል። በአጨዳ ሰሞን ሦስት ቀን የተኛ ገበሬ የዓመት ልፋቱ ሲረግፍ እያየ ይተኛል ማለት ነው።

በዚህ ሰሞን አንድ ሰው ራኩባ ውስጥ ተኝቷል እንበል። ታሪኩ ከብዙ ሰዎች ሕይወት የተውጣጣ ስለሆነ ስም አንሰጠውም። ዕድሜው አርባ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ፎጣውን ዓይኑ ላይ ጥሎ ፊቱን ወደ ሣሩ ግድግዳ አዙሯል። ግራ ጎን ራሱን ይፈልጠዋል፤ ብርሃን ያመዋል፤ የትራክተር ድምፅ ሲሰማ ያቅለሸልሸዋል። ትናንትም እንዲሁ ነበር፤ ነገም ሊቀጥል ይችላል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የሠራዊቱ አባል ሳለ መድፍ ከምሽጉ አፍ ላይ ወድቆ ነበር። አብረውት ከነበሩት መካከል የተሠዋ አለ፤ እግሩን ያጣም አለ። እሱ አፈሩን አራግፎ ተነሣ። ለጥቂት ደቂቃ ራሱን አላወቀም፤ ጆሮው ጮኸ፤ አስታወከ፤ በማግስቱ ወደ ምሽጉ ተመለሰ። ደም ስላልፈሰሰው ማንም ቁስለኛ ብሎ አልመዘገበውም። ካርድ አልወጣለትም፤ ወደ ሆስፒታልም አልተላከም። ዛሬ ምን ሆንክ ሲሉት የሚመልሰው «ራሴን ያመኛል» ብቻ ነው።

እግሩን ያጣው ጓዱ የደረሰበትን ጉዳት ለማስረዳት አፉን መክፈት አያስፈልገውም። ይኼኛው ግን አገሩ «ጉዳትህን አሳየኝ» ብትለው የሚያሳየው የለውም። ጉዳቱ በሕግ ፊት እንዲቆጠር ከተፈለገ በሦስት ነገር መረጋገጥ አለበት፦ መቼና የት እንደጀመረ፣ ዛሬ ምን ያህል እንደሚያደክም፣ ሁለቱ በምን እንደሚገናኙ። የዚህ ዘገባ ጉዳይ ይኸው ነው።

የወታደር ከተማ

መተማ ዮሐንስ የምትጠራው በጦር ሜዳ በወደቀ ንጉሥ ስም ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆሰሉ። ድሉ ወደ ኢትዮጵያውያን እያደላ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ መቁሰል ሲሰማ ግን ሠራዊቱ ተበተነ፤ እሳቸውም ከቁስላቸው አልተነሡም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1933 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ በብርጋዴር ዊሊያም ስሊም የሚመራ የእንግሊዝና የሕንድ ብርጌድ ከድንበሩ ማዶ ያለችውን ጋላባትን ከጣሊያን ለማስለቀቅ ተዋጋ። ጋላባትን ቢይዝም የጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብ አላስቀመጠውምና መተማን ሳይረግጥ ወደኋላ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህም ምዕራብ ጎንደር ከወታደር ተለይቶ አያውቅም። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲፈርስ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ወታደር መሣሪያውን አስረክቦ ወደ ቀየው ተመለሰ። የባድሜው ጦርነት በ1992 ዓ.ም. ሲያበቃ ደግሞ በዓለም ባንክ ድጋፍ ሌላ የስንብትና የመልሶ ማቋቋም ሥራ ተካሄደ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ በዚያው ሰሞን በአልፋሽቃ መሬት የተነሣ ከሱዳን ጋር የነበረው የድንበር ውዝግብ ተካረረ። የሰሜኑን ጦርነት ባስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ማግስት በኅዳር 2015 ዓ.ም. የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ኮሚሽኑ በተለያዩ ክልሎች ትጥቅ ፈትተው ወደ ኅብረተሰቡ የሚመለሱት የቀድሞ ተዋጊዎች ከ370 ሺህ እንደሚበልጡ አስታውቋል። በዚያው ዓመት የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ተወሰነ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳም በመተማ በኩል ብዙ ሺህ ስደተኛ ገባ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል ውስጥ ራሱ ግጭት ተቀጣጠለ።

በእነዚህ ጦርነቶች ስለ ሞቱት ብዙ ተጽፏል። እጅና እግራቸውን ያጡትም ሲያልፉ ይታያሉ፤ ለክብራቸው ማዕከል ተሠርቷል፤ የቢሾፍቱው ጀግኖች አምባ ለዚህ ምስክር ነው። ፍንዳታ ራሳቸውን ነክቶ ሳያደማቸው ያለፉት ግን በመዝገብ የሉም።

ፍንዳታ ራስን ምን ያደርጋል?

ከባድ መሣሪያ ሲፈነዳ ከፍንጣሪው ሌላ የአየር ግፊት ማዕበል ይነሣል። ማዕበሉ የራስ ቅልን ሳይሰብር አንጎልን ይንጣል። ሰውየው ለጥቂት ሰከንድ ወይም ደቂቃ ራሱን ይስታል፤ ግር ይለዋል፤ የሆነውን አያስታውስም። ሕክምናው ይህን «ቀላል የአንጎል ጉዳት» ይለዋል። ቀላል የተባለው ሕይወትን ወዲያው ስለማያሰጋ እንጂ የሚያስከትለው መዘዝ ቀላል ስለሆነ አይደለም። ከመዘዞቹ ዋናው ራስ ምታት ነው።

ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር ባወጣው የምርመራ መለኪያ መሠረት፣ ከጉዳት በኋላ በሰባት ቀን ውስጥ የጀመረ ራስ ምታት ጉዳት ወለድ ይባላል፤ ከሦስት ወር ካለፈ ደግሞ የጸና ነው። መልኩ ብዙ ጊዜ ከማይግሬን ጋር አንድ ነው። ማይግሬን ሳይታከም ከ4 ሰዓት እስከ 72 ሰዓት ይቆያል፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ይመታል፤ እንደ ልብ ምት ይደልቃል፤ ሰውየው ሲራመድ ወይም ዕቃ ሲያነሣ ይብሳል፤ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ያመጣል፤ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል። የያዘው ሰው ጨለማ ቤት ገብቶ ከመተኛት በቀር የሚችለው የለም።

ጉዳቱን በመቶኛ በሚለካው የሕክምና ቦርድ ፊት ለሚቀርብ ሰው ከዚህ ሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። በቀላል የአንጎል ጉዳትም ሆነ በማይግሬን ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ በአብዛኛው ምንም ጉድለት አያሳዩም። ምርመራው የሚጠቅመው ዕጢ፣ የደም መፍሰስ ወይም ስብራት አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነው። «ፊልሙ ንጹሕ ነው» የሚለው ቃል ሌላ አደገኛ በሽታ አልተገኘም ማለት ነው፤ ሰውየው አልታመመም ማለት አይደለም። ራስ ምታት የሚታወቀው በታማሚው ቃል ነው፤ ዓለም ላይ ያለ የነርቭ ሐኪም ሁሉ ምርመራውን የሚጀምረው በጥሞና በመጠየቅ ነው።

ራስ ምታት የሀብታም አገር በሽታ ነው የሚል አስተሳሰብም ነበር። ይህን ካረሙት መካከል የኢትዮጵያ ሐኪሞች ይገኙበታል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በገጠር ቤት ለቤት ያካሄዱትን የማይግሬን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1995 አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የዶክተር ምህላ ዘበንጉሥና የባልደረቦቻቸው ጥናት ደግሞ በዓመት ውስጥ ማይግሬን የሚይዘው አዋቂ 17.7 በመቶ፣ በውጥረት የሚመጣ ራስ ምታት የሚይዘው 20.6 በመቶ መሆኑን አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 እ.ኤ.አ. ከዓለም ሕዝብ 40 በመቶ ያህሉ በራስ ምታት ሕመሞች እንደሚጠቃ ገምቷል።

ይህ ቁጥር ለተመላሹ ወታደር ሁለት መልክ አለው። ሕመሙ እውነተኛና የተለመደ መሆኑን ያረጋግጥለታል። ግን ደግሞ ወሳኙ አካል «ወታደር ያልሆነውም ያመዋል፤ ያንተ ከጦርነቱ የመጣ መሆኑን በምን እናውቃለን?» ብሎ እንዲጠይቅ በር ይከፍታል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ደግሞ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ በሚናገር ወረቀት ላይ ነው።

ቆላው ሕመሙን እንዴት ይሸፍነዋል?

መተማ ላይ ራሱን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ወባን ነው። ትክክልም ነው፤ ምዕራብ ጎንደር ወባ የበዛበት ቆላ ነው፤ ትኩሳት ያለበት ራስ ምታት ሳይመረመር ማለፍ የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደሙ ተመርምሮ ወባ ካልተገኘበት ፓራሲታሞል ተሰጥቶት ይሸኛል፤ ካርዱ ላይ የሚቀረውም አንድ ቃል ብቻ ይሆናል። በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ሲመጣ ያው ይደገማል። በዓመቱ መጨረሻ ካርዱ ስለ ወባ ምርመራ እንጂ ስለ ራስ ምታት የሚናገረው ነገር የለውም።

ሙቀቱም አለ። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ላብና የውኃ ጥም፣ የተቆራረጠ እንቅልፍና የተዘለለ ምግብ ማይግሬንን ይቀሰቅሳሉ። ታማሚው ራሱም «ፀሐይ መታኝ» ብሎ ይተወዋል።

ሦስተኛው መሸፈኛ መድኃኒቱ ራሱ ነው። ከየሱቁና ከየመድኃኒት ቤቱ ያለ ትእዛዝ የሚገዛው ማስታገሻ ሲበዛ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያለውን ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ እንደ ትራማዶል ያለውን ጠንካራ መድኃኒት ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ከሦስት ወር በላይ የወሰደ ሰው ሕመሙ የዕለት ተዕለት ሊሆንበት ይችላል። ይህ ሕመሙን ማባባሱ ሳያንስ ማመልከቻውንም ያዳክማል፤ ቦርዱ «ከመድኃኒት ብዛት የመጣ ነው» ሊል ይችላልና። መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት በየቀኑ የሚወሰዱ እንደ አሚትሪፕቲሊንና ፕሮፕራኖሎል ያሉ ርካሽና ለአገራችን እንግዳ ያልሆኑ መከላከያዎች አሉ። ሐኪም አዝዟቸው በካርድ ላይ ሲጻፉ ሁለት ሥራ ይሠራሉ፤ ሰውየውን ያሽሉታል፤ ሕመሙ መከላከያ እስኪያስፈልገው የደረሰ መሆኑንም ይመሰክራሉ።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ የጡረታ ሕግ ረጅም ዕድሜ አለው። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 በ1955 ዓ.ም. ወጣ፤ በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 345፣ በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 714፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1267 በየተራ ተኩት። የመከላከያ ሠራዊትና የፖሊስ አባላትም በዚሁ ሥርዓት ይጠቃለላሉ፤ አስፈጻሚው የመንግሥት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው።

ሕጉ ጉዳትን በሁለት ይከፍላል። አንደኛው ከሥራ ጋር ያልተያያዘ ሕመም ነው፤ በዚህ ሳቢያ መሥራት ያልቻለ ሰው የዘለቄታ አበል ለማግኘት ቢያንስ አሥር ዓመት ማገልገል ይጠበቅበታል። ሁለተኛው በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው፤ ለዚህ የአገልግሎት ዘመን አይቆጠርም፤ ግዳጅ በገባ በሳምንቱ የተጎዳም መብት አለው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። አራት ዓመት ብቻ ላገለገለው ለራኩባው ሰው ራስ ምታቱ «ከሥራ የመጣ» ወይም «ተራ ሕመም» መባሉ የመብትና የባዶ እጅ ልዩነት ነው።

በሥራ ላይ የደረሰው ጉዳት በሕክምና ቦርድ በመቶኛ ይለካል። መነሻው 10 በመቶ ነው። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 714/2003 ስሌት መሠረት፣ ቢያንስ 10 በመቶ ተጎድቶ ማንኛውንም ሥራ መሥራት ያልቻለ ሰው የደመወዙን 47 በመቶ በየወሩ በጉዳት ጡረታ ያገኝ ነበር። ቢያንስ 10 በመቶ ተጎድቶ መሥራት የሚችል ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚከፈል የጉዳት ዳረጎት ያገኝ ነበር። ዳረጎቱ ይሰላ የነበረው የደመወዙ 47 በመቶ በ60 ወር ተባዝቶ፣ ውጤቱ እንደገና በጉዳቱ መቶኛ ሲባዛ ነው።

በዚያ ስሌት በቁጥር እንየው። ደመወዙ 3,000 ብር የነበረ ወታደር 47 በመቶው 1,410 ብር ነው። በ60 ሲባዛ 84,600 ብር ይሆናል። ቦርዱ ጉዳቱን 20 በመቶ ካለው 16,920 ብር ይደርሰዋል፤ 10 በመቶ ካለው 8,460 ብር። 9 በመቶ ካለው ምንም የለም።

ለጠፋ ጣት፣ ለተቆረጠ እግር፣ ለታወረ ዓይን መቶኛ ለመስጠት ብዙ አያከራክርም። በወር ስምንት ቀን የሚጥል ራስ ምታት ግን ስንት ነው? የዚህ መልስ በቦርዱ ሐኪሞች ግንዛቤ ላይ ከተተወ፣ አንድ ዓይነት ሕመም ያላቸው ሁለት ወታደሮች አንዱ 20፣ ሌላው 5 ይዞ ሊወጣ ይችላል። ከ10 በታችና ከ10 በላይ መሆን ደግሞ ከላይ እንዳየነው የሁሉና የምንም ልዩነት ነው።

ሌላም ክፍተት አለ። የጡረታ ሥርዓቱ የተሠራው ደመወዝ ለሚከፈለውና ከደመወዙ መዋጮ ለሚቆረጥለት ሰው ነው። በመተማ፣ በቋራና በአርማጭሆ ድንበር ሲጠብቅ የኖረው የቀበሌ ሚሊሻ ወርኃዊ ደመወዝተኛ አይደለም። የአየር ግፊቱ ማዕበል ግን ደመወዝተኛውን ከሚሊሻው አይለይም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን ለማቋቋም እንዲሠራ ግዴታ ጥሎበታል፤ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትንም በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ሚሊሻው ዛሬ ሊጠቅሰው የሚችለው ከአዋጁ ይልቅ ይህንን ነው።

ሌሎች እንዴት መዘኑት?

ይህ ጥያቄ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመድፍ ድብደባ ያናወጣቸው ወታደሮች ራሳቸውን እያመማቸውና እየተንቀጠቀጡ ሲመጡ፣ ከአዛዦቻቸው ብዙዎቹ ፈሪ ብለዋቸው ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ማየርስ በ1915 እ.ኤ.አ. ሁኔታቸውን በሕክምና መጽሔት ከጻፈ በኋላም ቢሆን ክርክሩ ለዓመታት ቀጠለ።

ከመቶ ዓመት በኋላም አልቆመም። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ኢራን ኢራቅ ውስጥ ያለውን የአሜሪካ አል አሳድ ጦር ሰፈር በሚሳይል መታች። መጀመሪያ የተነገረው ማንም አልተጎዳም የሚል ነበር። ቀናት ሲያልፉ ከ100 በላይ ወታደሮች የአንጎል ጉዳት እንደደረሰባቸው በምርመራ ታወቀ። የወቅቱ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ራስ ምታት እንደነበረባቸው ሰምቻለሁ፤ ከባድ ነገር አይደለም በማለታቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ተቃወሙ። በኋላ ለብዙዎቹ ለቆሰለ ወታደር የሚሰጠው ሜዳሊያ ተሰጣቸው።

የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለማይግሬን የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ 8100 ይባላል። መለኪያው ሕመሙ ሰውየውን ምን ያህል ጊዜ እንደሚጥለው ነው። በሁለት ወር አንድ ጊዜ ያህል የሚጥል ከሆነ 10 በመቶ፣ በወር አንድ ጊዜ ያህል ከሆነ 30 በመቶ፣ በጣም እየተደጋገመ፣ ፈጽሞ እየጣለና እየረዘመ ኑሮውን በብርቱ የሚያናጋ ከሆነ 50 በመቶ ይሰጠዋል። አመልካቹ ሦስት ነገር ያስረዳል፦ ዛሬ ሕመሙ እንዳለበት፣ በአገልግሎት ላይ የደረሰ ነገር እንደነበረ፣ ሁለቱ እንደሚገናኙ። የሚስት፣ የወንድም ወይም የጓድ ምስክርነት ይሰማል። ውሳኔው ካልተስማማው በአንድ ዓመት ውስጥ ከሦስት መንገዶች አንዱን ይመርጣል፦ በዚያው ማስረጃ በከፍተኛ ባለሙያ እንደገና መታየት፣ አዲስ ማስረጃ ማቅረብ፣ ወይም ለይግባኝ ቦርድ ማመልከት። የቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2004 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ፣ 50 በመቶ ለማግኘት ሰውየው ፈጽሞ ሥራ የፈታ መሆን እንደሌለበት ገልጿል። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገሉ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም በዚሁ መንገድ ያልፋሉ።

ያ ሥርዓት ከወረፋና ከቅሬታ የጸዳ አይደለም፤ የበጀቱም ብዛት ከእኛ ጋር አይወዳደርም። ከእሱ የምንወስደው ነገር ግን ገንዘብ አያስፈልገውም። ራስ ምታት የሚመዘነው ሰውየውን በሚጥልበት ጊዜ ብዛት ነው። ይህን መርሕ በአንድ ገጽ መመሪያ ጽፎ ለሕክምና ቦርዶች መበተን ይቻላል።

ቅሬታ ያለው ወዴት ይሂድ?

የማህበራዊ ዋስትና አስተዳደሩ ውሳኔ የመጨረሻ አይደለም። ሕጉ የማህበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አቋቁሟል፤ የጉባኤው ውሳኔ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት የሚል ደግሞ እስከ ሰበር ሰሚ ችሎት ሊሄድ ይችላል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውሳኔውን በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ «ጉዳዩ አያስኬድም» ተብሎ በቃል የተመለሰ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «በጽሑፍ ይሰጠኝ» መሆን አለበት፤ ያልተጻፈ ውሳኔ ላይ ይግባኝ ማለት ያስቸግራልና። አስተዳደራዊ በደል ደረሰብኝ የሚል አመልካችን የኢትዮጵያ እንባ ጠባቂ ተቋም ያለ ክፍያ ይሰማል፤ ባሕር ዳር ላይ ቅርንጫፍ አለው።

በወረቀት ላይ መንገዱ አለ። ከመተማ ዮሐንስ ሲነሡ ግን ርቀቱ ሌላ ነው። ጎንደር 200 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ የነርቭ ሐኪም ለማግኘት ቢያንስ እስከዚያ መሄድ ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ መንገዱ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቀን አይታወቅም። የይግባኝ ጊዜ ገደብ ግን መንገድ ተዘጋ ብሎ መቁጠሩን አያቆምም። በዚህ ምክንያት የዘገየ አመልካች መንገዱ ስለመዘጋቱ ከቀበሌ ወይም ከወረዳ ደብዳቤ ይዞ ቢቀርብ ለክርክሩ ስንቅ ይሆነዋል።

ማስረጃው የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው

ይህ ሁሉ ሕግ የሚሠራው አንድ ነርስ ካርድ ላይ በምትጽፈው ጥቂት መስመር ላይ ተመሥርቶ ነው። የሚከተለው ንግግር በየትኛውም የቆላ ጤና ጣቢያ ሊደረግ ይችላል፤ የሚወስደውም አምስት ደቂቃ ነው።

«ጋሼ፣ ወባ የለብዎትም። ራስ ምታቱ መቼ ነው የጀመረዎት?»

«ቆየ፣ እኅቴ። ከዘመቻው ወዲህ ነው።»

«ከዘመቻው በፊት እንዲህ ያምዎት ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ። መድፍ አጠገቤ ከወደቀ ወዲህ ነው። የዚያን ዕለት ራሴን ስቼ ነበር።»

«መድፉ በወደቀ በስንተኛው ቀን ጀመረዎት?»

«በማግስቱ። ከዚያ ወዲህ ተለይቶኝ አያውቅም።»

«ባለፈው ወር ስንት ቀን ተኙ?»

«ስምንት ቀን ይሆናል። ሰሊጡን ያጨደልኝ ወንድሜ ነው።»

ነርሷ ይህን እንዳለ ብትጽፈው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መልሶች ሕመሙ ከዘመቻው በፊት ያልነበረ መሆኑን፣ ራስ መሳቱና በማግስቱ መጀመሩ ከፍንዳታው ጋር መገናኘቱን፣ ስምንቱ ቀን ክብደቱን፣ የወንድም እገዛ ያጣውን ሥራ ይመሰክራሉ። ቦርዱ የሚፈልገው በሙሉ እዚያ አለ። «ራስ ምታት፣ ፓራሲታሞል» ብላ ብትተወው ግን ሰውየው ከዓመታት በኋላ በቃሉ ብቻ ይቀራል።

ማመልከት ለሚያስብ ሰው ደግሞ ዛሬውኑ የሚጀመሩ ሥራዎች አሉ፦

– ደብተር ይያዝ። ራስ ምታቱ የያዘበት ቀን፣ የቆየበት ሰዓት፣ የተወሰደው መድኃኒትና የቀረው ሥራ በየዕለቱ ይጻፍ። መጻፍ የማይችል ልጁን ያስጽፍ። የሦስት ወር ደብተር ከረጅም ማመልከቻ ይበልጣል።

– የአገልግሎት ማስረጃ፣ የስንብት ደብዳቤና የክፍሉ ስም ያለበት ማንኛውም ወረቀት ተገልብጦ በሁለት ቦታ ይቀመጥ።

– በዕለቱ አብረው የነበሩ ጓዶች ያዩትን፣ ቀኑንና ቦታውን ጠቅሰው በፊርማቸው ይመስክሩ። ጓድ ይበተናል፤ ሞትም ቀጠሮ አይሰጥም። ዛሬ ያለው ነገ ላይገኝ ይችላል።

– ሐኪሙ ምርመራውን ብቻ ሳይሆን ሕመሙ ከፍንዳታው ጋር የመያያዝ ዕድሉን በሚመለከት አስተያየቱን እንዲጽፍ በትሕትና ይጠየቅ።

– ድንገት እንደ መብረቅ የመታ፣ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የመጣ፣ ወይም እጅና እግርን ያሰነፈ ራስ ምታት ደብተር ሳይጠብቅ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ለጉዳዩ ባለቤቶችም የሚባል አለ። የመከላከያ ሠራዊቱ የጤና ክፍል ከፍንዳታ አጠገብ የነበረን ወታደር ሁሉ፣ ደም ፈሰሰውም አልፈሰሰው፣ በዚያው ሳምንት ይመዝግብ። የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን የቀድሞ ተዋጊዎችን ሲቀበል ስለ ራስ ምታትና ራስን ስለመሳት የሚጠይቁ ጥቂት መስመሮችን በቅጹ ላይ ይጨምር። የጤና ሚኒስቴርና የማህበራዊ ዋስትና አስተዳደሩ ለሕክምና ቦርዶች የራስ ምታት መለኪያ ያውጡ፤ መለኪያውም በወር የሚጠፉ የሥራ ቀናትን ይቁጠር። የአማራ ክልል መንግሥት ከጡረታ ውጭ ለሆነው ሚሊሻ ቢያንስ ነጻ ሕክምናና መከላከያ መድኃኒት ያመቻች። ከነዚህ አንዱም ሆስፒታል መገንባት የሚጠይቅ አይደለም።

አገር ወታደሯን ስትልክ ከነራሱ ነው የምትልከው። እግሩን ብትክስ፣ ዓይኑን ብትክስ፣ ራሱን ግን «አይታይም» ብላ ብታልፈው ዕዳዋን ከፈለች አይባልም። እስከዚያው ድረስ፣ አንባቢ ሆይ፣ ከጦርነት ተመልሶ ራሱን የሚያመው ወንድም፣ ባል ወይም ጎረቤት ካለዎት ዛሬ አንድ ደብተር ይግዙለት፤ የመጀመሪያውን ቀን እርስዎ ይጻፉለት።